አባታችንን አብራችሁን ላስታመማችሁ፣ አብራችሁን ለቀበራችሁ

የአባታችን አርባ ባለፈው እሁድ ወጣ። ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ዝክሩ ተበላ፣ እንግዳውም «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ ወደየቤቱ ገባ። እኛ ልጆቻቸው ምስጋና ቀረብን። በየቤቱ እየዞርን እንዳናመሰግን ሰዉ ብዙ ነው፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ታላቅ ነሽ ተብዬ በሁላችንም ስም እኔ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

እንዴት እንደታመሙ የደብረ ማርቆስ ሰው ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. በስትሮክ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን የአልጋ ዘመን ነበር። ስለ ሕመሙ ይኸው ይበቃል። መጻፍ የምፈልገው ስለ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት እታለም።

ስሜን እንዳትጠሪ ብላ አስምላኛለች። አልጠራም። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እታለም ነው የሚላት፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ዘመዳችን አይደለችም። ከግቢያችን ቀጥሎ ባለው ቤት ተከራይታ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። እኛ ልጆቻቸው ግማሻችን አዲስ አበባ፣ ግማሻችን ባሕር ዳር ነን፤ አንዱ ወንድማችን ከአገር ውጭ ነው። እናታችን ጉልበታቸው ደክሟል። እንደ አባታችን ያለ ግዙፍ ሰው አልጋ ላይ ማገላበጥ ለእሳቸው የማይሆን ነገር ነበር። እታለም ማንም ሳይጠራት መጣች። ከዚያ በኋላ አልቀረችም።

ምጣዷን ከመጣዷ በፊት ገና ሳይነጋ ትመጣለች። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች። መልስ እንደማይመጣ እያወቀች ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ ሥራዋን ትጀምራለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ገላቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ቀይሩላቸው ብሎን ነበር። ለእኛ ምክር ነበር፣ ለእሷ ሕግ ሆነ። እንጀራ ምጣድ ላይ እያለ እንኳ ሰዓቱ አያመልጣትም፤ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከተፍ ትላለች። ትራሱን ከጀርባቸው ትወሽቃለች። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ጨርቅ ጠቅልላ ከባታቸው ሥር ታደርጋለች። ዳሌያቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ተረከዛቸውን በየቀኑ ታያለች። አንዲት ነርስ ቤት መጥታ ገላቸውን ካየች በኋላ «ማነው እንዲህ የያዛቸው?» ብላ ጠየቀች። እናታችን በጣታቸው ወደ አጥሩ ማዶ አሳዩ።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ቀጭን ነገር ትን እንደሚላቸው ስላወቀች አጥሚቱን ወፈር አድርጋ ትሠራለች። ቀና አድርጋ ትደግፋቸውና በትንሽ ማንኪያ፣ በጤነኛው ጎን፣ ዋጥ እስኪያደርጉ እየጠበቀች ታጎርሳቸዋለች። ከበሉ በኋላ ቶሎ አታስተኛቸውም። ቁጭ ብላ የሰፈር ወሬ ታወራላቸዋለች፤ ጤፍ ስንት እንደገባ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደተጣላና ማን እንዳስታረቀ። አባታችን ሲጨነቁም ሲስቁም ያየኋቸው ከእሷ ጋር ነው።

አሁን የምጽፈውን ሳስብ እጄ ይከብደኛል፤ ግን መጻፍ አለበት።

አንደበታቸው ከተያዘ በኋላ አባታችን የእኛን ስም መጥራት አይችሉም ነበር። ውኃ ሲጠማቸው «ውኃ» ማለት ያቅታቸዋል። የፈለጉት ቃል አልመጣ ሲላቸው በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ይመታሉ። አንድ ጠዋት እታለም ፊታቸውን እያጠበች ለራሷ «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ጀመረች። እሳቸው ቀጠሉ። እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ በልጅነታቸው በቄስ ትምህርት ቤት በያዙት ንባብ። እታለም ፎጣውን እንደያዘች «እትዬ! እትዬ!» እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች። እናታችን እስኪመጡ ጸሎቱን ጨርሰው ዝም ብለው ነበር። እንደገና ብትጀምርላቸው እንደገና አደረሱት።

ሐኪማቸው ኋላ ሲያስረዳን በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ዜማና ቁጥር ከተራ ንግግር በሌላ መንገድ ስለሚመጣ፣ ስትሮክ ንግግሩን ለወሰደበት ሰው እንኳ ሊቀርለት ይችላል አለን። እታለም ግን የሐኪም ማብራሪያ አልጠበቀችም። እሷ ዳዊት አልደገመችም፣ ግእዝም አታውቅም። የሰፈሩን ዲያቆን ለምና የመዝሙሮቹን መጀመሪያ መጀመሪያ በቃሏ አጠናች። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ። እሷ ትጀምርላቸዋለች፣ አባታችን ይቀጥላሉ። ጠዋት ጠዋት ቤታችን እንዲህ ሆነ።

መንገዱ ተዘግቶ ስልክም ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ስለ አባታችን ምንም ሳንሰማ ሰነበትን። ስልኩ በተለቀቀ ዕለት ስደውል ያነሳችው እሷ ናት። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም። «ጆሯቸው ላይ አድርጌልሻለሁ፣ ጀምሪላቸው» አለችኝ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። አባቴ ከዚያ ማዶ ተቀበሉኝ። ያንን ድምፅ ማን ይሰጠኝ ነበር? እታለም፣ ይኼን በምን እከፍልሻለሁ?

ገንዘብ ልንሰጣት ብንሞክር ተቆጣች። «ልጄን ፊደል ያስቆጠሩት ማን ሆነና ነው!» አለችን። ሁለተኛ አላነሳንባትም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በረንዳቸው ላይ ያስተምሩ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በአልጋም ሆነው አልተዉትም። ትንሿ የልጅ ልጃቸው የተወለደችው ከታመሙ በኋላ ነው፤ አያቷ እንደ ሰው ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም። ክረምት ክረምት ስትመጣ ግን አልጋቸው ሥር ቁጭ ብላ «ሀ» ትላለች። «ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ» ይላሉ። «ለ» ትላለች፣ ይቀጥላሉ። ፊደል የለየችው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ ማን እንዳስተማራት ጠይቃት «አባባ» ብላለች።

የደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ በጨለማም በብርሃንም ተቀብላችኋቸዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። መድኃኒት በጠፋበት ሰሞን የደም ግፊት ኪኒናቸውን ከያለበት ፈልጎ ያቆየልን የፋርማሲ ልጅ፣ ውለታህ አይረሳም። ደም ግፊት ያለባቸው ወላጆች ላሏችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባታችን ከመውደቃቸው በፊት «ደህና ነኝ» ብለው ኪኒናውን ትተውት ነበር። ግፊት ሳይታወቅ ነው የሚጎዳው። እባካችሁ አስለኩላቸው፣ መዋጣቸውንም እዩ።

የቅዱስ ማርቆስ ካህናትና ዲያቆናት፣ ሌሊቱን ከእኛ ጋር ያደራችሁ የሰንበቴ ማኅበርተኞች፣ የሰፈሩ እድር ከጡሩምባ ነፊው ጀምሮ ድንኳን እስከተከሉትና ንፍሮ እስከቀቀሉት፣ ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። በስልክ ያለቀሳችሁልን የቀድሞ ተማሪዎቻቸውም እንዲሁ።

ከስናን ወረዳ ለወረዱት አባቶች ግን ለብቻ መናገር አለብኝ። አባታችን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ አንድ ቀበሌ ተመድበው ገበሬውን ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ ሽማግሌ ሆነዋል። በቀብሩ ዕለት መኪና አልነበረም። በእግራቸው፣ ገና በሌሊት ተነስተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በዱላ እየተደገፉ መጡ። አንደኛው የያኔውን የምስክር ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውት ነበር። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ መስመሩ ተበጥሷል። ለእናታችን ዘርግተው አሳዩአቸውና «ከዚያ በፊት በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ስሜን ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኛ ልጆቻቸው ይህንን ሰምተን አናውቅም ነበር። አባታችን ስለ ዘመቻው ሲያወሩ የሚያነሱት የስናንን ብርድና የገብስ በሶውን ብቻ ነበር። አባቶቼ፣ ያንን ቁልቁለት ወርዳችሁ፣ ያንኑ ዳገት ተመልሳችሁ ስለወጣችሁ እግራችሁን ጎንበስ ብዬ ብስም አይበዛባችሁም። ያመጣችሁልን ድንችና ገብስ ለሐዘንተኛው ሁሉ ተርፏል።

እናታችን፣ እርስዎ እዚህ ወረቀት ላይ ምስጋና አልፈልግም ብለዋል። እሺ። አልጋው አጠገብ መደብ ላይ እንዳደሩ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ስጨርስ ያልጠራኋችሁ ሁሉ ፊቴ ድቅን ትላላችሁ። በባጃጁ ሆስፒታል በነጻ ያመላለሰን ልጅ፣ ጠላ የጠመቃችሁልን፣ ፀጉራቸውን ቤት ድረስ እየመጣ ይቆርጣቸው የነበረው፣ ስማችሁን ሳትነግሩን በኪሳችን ብር የወሸቃችሁ። ሐዘን ላይ ነንና የቀረ ስም ካለ ከልብ ማነስ አትቁጠሩብን፤ ይቅርታ አድርጉልን። መንገድ ተዘግቶባችሁ መምጣት ያልቻላችሁም፣ እንደመጣችሁ ነው የምንቆጥረው።

በመጨረሻ አንድ ጉዳይ። የአባታችን ዊልቸርና ወንድማችን የላከው የአየር ፍራሽ ቤት ቀርተዋል። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ታጥበው ተቀምጠዋል። ከእታለም ጋር ተነጋግረን ለእድሩ ልንሰጣቸው ወስነናል። ደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች አልጋ ላይ የዋለ ሰው የምታስታምሙ፣ የእድሩን ጸሐፊ ጠይቁና ያለ ክፍያ ውሰዱ፤ ሲበቃችሁ መልሱት፣ ለሌላው ይደርሳል። ፍራሹ ላይ እንዴት እንደሚያስተኙ፣ ጎን እንዴት እንደሚቀየር ለማታውቁ፣ እታለም ቤታችሁ ድረስ መጥታ አሳያለሁ ብላለች። ጠዋት ግን ጋግራ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው
ደብረ ማርቆስ