ከቅርንጫፍ የተላከ መልእክት ሳይደርስ ሲቀር ምን ይደረጋል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

አጋሮ መጋዘን ላይ የተመዘገበ የቡና ርክክብ ጅማ ወይም አዲስ አበባ አልታይ ሲል፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ ለማብራት አትቸኩሉ። በቅርንጫፎች መካከል መልእክት በሚያመላልሰው ፕሮግራም፣ በአክቲቭኤምኪው፣ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብሮከር (በየቅርንጫፉ ሰርቨር ላይ መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ክፍል) ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ ግን ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ያልታዘዘ መልእክት አብሮ ይጠፋል። «ፐርጅ» የሚለውንም በፍጹም አትንኩ፤ ወረፋውን ጠርጎ ይሰርዛል።

የአጋሮውን ብሮከር መቆጣጠሪያ ገጽ በብራውዘር በፖርት 8161 ከፍታችሁ የወረፋዎቹን ገጽ እዩ። የሚጠባበቀው መልእክት 40፣ ተቀባዩ 0 ከሆነ፣ አጋሮ ለማን እንደሚልክ አላወቀም። ብሮከር በተለየ መንገድ ካልታዘዘ በቀር የሚያስተላልፈው በወዲያኛው በኩል ተቀባይ እንዳለ ሲነገረው ብቻ ነው። ስለዚህ ጅማ ያለው ተቀባይ ፕሮግራም መስራቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ከአጋሮ ሰርቨር ወደ ጅማው ፖርት 61616 መገናኘት መቻሉን በቴልኔት ትእዛዝ ሞክሩ። ፖርቱ ተከፍቶም ተቀባዩ 0 ካለ በብሮከሩ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «አድቫይዘሪ ሰፖርት» ተዘግቶ እንዳይሆን እዩ። የተቀባዩ ወሬ የሚደርሰው በእሱ ነው።

ተቀባዩ አዲስ አበባ ሆኖ መልእክቱ በጅማ በኩል የሚያልፍ ከሆነ «ኔትወርክ ቲቲኤል»ን ተመልከቱ። ካልተነካ 1 ነው፤ 1 ማለት አንድ ብሮከር ብቻ መሻገር ማለት ነው። ከአጋሮ አዲስ አበባ ሁለት መሻገሪያ ስላለ ብሮከሮቹን በሚያያይዙት በሁለቱም ማገናኛዎች (አጋሮ–ጅማ እና ጅማ–አዲስ አበባ) ላይ 2 አድርጉት።

በጣም የሚያደናግረው መስመር ሲቆራረጥ የሚመጣው ነው። መልእክቱ ጅማ ከተላለፈ በኋላ ተቀባዩ ከጅማ ተላቆ አጋሮ ላይ ይገናኛል፤ መልእክቱ ጅማ ይቀራል። ብሮከር መልእክቱ ወዳለፈበት ብሮከር መልሶ አይልክም፤ ክልከላው መልእክት በክብ እንዳይዞር ነው፣ ተገቢም ነው። ለዚህ ከአክቲቭኤምኪው ስሪት 5.6 ጀምሮ ተቀባይ ሲጠፋ መልእክቱ ወደመጣበት እንዲመለስ የሚፈቅድ «ሪፕሌይ ዌን ኖ ኮንሲዩመርስ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ በወረፋው ፖሊሲ ውስጥ «ትሩ» አድርጉት። ስሪታችሁ ከ5.9 በፊት ከሆነ እዚያው ድጋሚ የመጣን መልእክት የሚለየውን «ኢኔብል ኦዲት»ን «ፎልስ» አድርጉ፤ አለበለዚያ የተመለሰው መልእክት እንደ ድጋሚ ተቆጥሮ ሊታገድ ይችላል። መመለሻ መንገድም ያስፈልጋል፦ ማገናኛው «ዱፕሌክስ» (በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስተላልፍ) ካልሆነ ከአጋሮ ወደ ጅማ ብቻ ነው የሚሄደው።

አዲስ ቅርንጫፍ ስትከፍቱ የድሮውን ማስተካከያ ፋይል ገልብጣችሁ ከሆነ የብሮከሩን ስም ቀይሩ። ከፋብሪካው «ሎካልሆስት» ብሎ ይመጣል፤ በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ሁለት ብሮከር አንድ ስም መያዝ የለበትም።

ማናቸውንም ከመቀየራችሁ በፊት ፋይሉን ቅዱ። ካልተፈታ የሁለቱንም ብሮከሮች የወረፋ ገጽ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ አንስታችሁ፣ ከሎጉ የመጨረሻ መስመሮችና የይለፍ ቃሉ ከወጣለት ማስተካከያ ፋይል ጋር ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል፣ ጅማ