መንገዱን የሚሠራው ይጠግነው

ለአዘጋጁ፦

የአካባቢ ምክር ቤቶች አዲስ የሕዝብ መንገድ የመሥራት ሥልጣን ይኑራቸው በሚለው እስማማለሁ። የትኛው መንደር ከሌላው ተቆርጦ እንደቀረ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ክርክራችን ግን ሪባን እስኪቆረጥ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ ማን ይሸከም?

የእንግሊዝ ሕግ በዚህ ብዙ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1555 የወጣ ሕግ የየአጥቢያው ነዋሪ በዓመት አራት ቀን ወጥቶ መንገድ እንዲጠግን አስገደደ። በ1563 ስድስት ቀን ሆነ። ያለ ክፍያ ነው እንግዲህ! በዚያ ላይ አንድ ባለመሬት በመሬቱ የሚያልፍ መንገድ ለሕዝብ ከሰጠና ሰው ከተመላለሰበት፣ የጥገናው ዕዳ አጥቢያው ላይ ይወድቅ ነበር። ነዋሪው ፈለገም አልፈለገም። የ1835ቱ ሕግ የግዳጅ ሥራውን አስቀረ። አዲስ መንገድም እንዲሁ በዝምታ አጥቢያው ላይ እንዳይጫን ሥርዓት አበጀ።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የእንግሊዝ የመንገድ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 24 መንገድ ለሚያስተዳድሩ ምክር ቤቶች አዲስ መንገድ የመሥራት ሥልጣን ይሰጣል። ትንንሾቹ የአጥቢያ ምክር ቤቶች እዚህ ውስጥ የሉበትም። አንቀጽ 36 እንዲህ የተሠራው መንገድ በሕዝብ ገንዘብ የሚጠገን ነው ይላል። አንቀጽ 41 ጥገናውን ግዴታ ያደርገዋል። ሥልጣኑና ሸክሙ አንድ ላይ ናቸው። እዚያም ጉድጓድ ሞልቷል፣ አልዋሽም። ቢያንስ ግን መኪናው የተሰበረበት ሰው ማንን እንደሚከስ ያውቃል።

ቤት ሠርተው የሚሸጡ ድርጅቶች የሚዘረጉት መንገድ ሌላ ጣጣ አለው። ምክር ቤቱ በስምምነት ካልተረከበው ጥገናው ነዋሪው ላይ ሊቀር ይችላል። ሥልጣን ሲሰጥ ይሄም አብሮ ይታሰብ።

መንገድን የሚጨርሰው መኪና ብቻ አይደለም። ውሃም ነው። ቦዩ ሲደፈን ውሃው ከአስፋልቱ ሥር ይገባል፣ መሠረቱ ይላላል፣ ከዚያ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይፈርሳል። ቦይ መጥረግ ርካሽ ሥራ ነው። ግን ማንም አያስመርቀውም፣ ፎቶም አይነሳበትም፤ ስለዚህ ከበጀት መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነው። አዲስ መንገድ ለድምፅ ሲቀርብ የየዓመቱ የጥገና ወጪና የገንዘቡ ምንጭ ከግንባታው ዋጋ ጋር በአንድ ሰነድ ይምጣ። ካልመጣ ምክር ቤቱ ድምፅ አይስጥ።

አንድ አንባቢ