ከምንጩ እንጀምር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባየ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልህ።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ነቃሁ። እዚህ ማራኪ ሰፈር ውሃ መምጣቱን የምናውቀው በሱ ነው። በርሜሉንና ስምንት ጀሪካን ሞላሁ። የአንገረብን ግድብ ደለል እየሞላው ለከተማው አልበቃ ካለ ቆየ። ጀሪካኖቹን ስደረድር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «የመገጭ ወንዝ ሲገደብ እኮ ጎንደር ውሃ ትጠግባለች» ብዬህ ነበር፣ እየሳቅሁ። አንተ ስኒህን እንደያዝክ ዝም አልክ። ውሃው የሚተኛው ያንተ ማሳ ላይ ነው። ያኔ ዝምታህ አልገባኝም።

የገባኝ እህቴ ከቦስተን የላከችውን ቪዲዮ ሳይ ነው። ከከተማዋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ኳቢን የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ሰው ሠራሽ ነው። እሷ ከቧንቧዋ የምትጠጣው ከዚያ የሚመጣውን ነው። ቦስተን ውሃ ሲያጥራት የስዊፍትን ወንዝ ለመገደብ ብለው ሸለቆውን አስለቀቁት። ወደ 2,500 ሰው ተነሣ። ዳና፣ ኤንፊልድ፣ ግሪንዊች፣ ፕሬስኮት የሚባሉ አራት ከተሞች ጠፉ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 27 ቀን 1938 ማታ ሕዝቡ ኤንፊልድ አዳራሽ ተሰብስቦ የስንብት ጭፈራ አደረገ። እኩለ ሌሊት ሲሆን አራቱም በሕግ ከተማ መሆናቸው ቀረ። ወንዶቹ ሳይቀሩ መሐረብ አውጥተው አለቀሱ ይባላል።

ኮረብታዎቹ አሁን ደሴት ሆነዋል። እህቴ የቀረጸችው አንድ አሮጌ መንገድ ነው። ቁልቁል ይወርድና ውሃው ውስጥ ይገባል፤ በቃ፣ እዚያ ያልቃል። ደጋግሜ አየሁት። ወደ ቤታችን የሚያወርደው ቀጭን መንገድ መጣብኝ።

ውሃው ሳይሞላ ከ7,500 በላይ መቃብር ከፍተው አፅሙን ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋል። አያቴን አሰብኩ። አንተ አንድም ቀን አላነሣኸውም። ግን በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሯ ላይ ቆመህ የምትቆየውን አውቃለሁ። አባየ፣ ቄሱን እናነጋግር። አፅሟን በሥርዓቱ እናፍልስላት። ወጪውን ለኔ ተወው።

ውሃውን አልጠላሁትም። ልጆቼ ያደጉት ጀሪካን እየጎተቱ ነው። ግን እኔ ስደሰት አንተ የምታጣውን አላየሁልህም። ይቅር በለኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ሦስት ቀን እቆያለሁ። ደብተር እይዛለሁ። አንተ እያንዳንዱን ማሳ በስሙ ነው የምትጠራው፤ እኔ ከ«ጥቁሬ» በቀር አንዱንም አልያዝኩም። እግርህ እስከቻለ ድረስ እየዞርን ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከምንጩ እንጀምር።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ልጅህ፣ ከጎንደር