ልጆቹን ሙዚየም ስለ ወሰድኩበት ቀን፣ ለአባቴ

ኒው ዮርክ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ቅዳሜ ልጆቹን ሙዚየም መውሰዴን በስልክ ስነግርዎ፣ «በዚህ ክፉ ወረርሽኝ ሥዕል ለማየት ከቤት ይወጣል ወይ?» ብለው አዝነውብኝ ነበር። ያን ጊዜ በጥድፊያ የመለስኩት ለእኔም ስላላጠገበኝ፣ ነገሩን በዝርዝር ልጽፍልዎ ወደድሁ።

የሄድነው ወደ ሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ 150ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲሰናዳ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ከአምስት ወር በላይ ከቆየ በኋላ ነሐሴ 23 ቀን ተከፈተ። አሁን ሊይዝ ከሚችለው ሕዝብ ከሩብ በላይ አያስገባም። ቲኬቱ የመግቢያ ሰዓት ተለይቶለት አስቀድሞ ይቆረጣል፤ በር ላይ ሙቀት ይለካል፤ ከሕፃናት በቀር ሁሉም አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ካጣራሁ በኋላም ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። በሚያዝያ የአምቡላንስ ጩኸት እየሰማን ያደርን ሰዎች ነንና በሽታውን አቅልለን አናየውም። ነገር ግን ልጆቹ ትምህርታቸውንም ጓደኞቻቸውንም በስክሪን ብቻ ሲያዩ ከርመው፣ ትልቋ ጭርሱን መናገር እየተወች መጥታ ነበር፤ ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

ያየነው የጄከብ ሎውረንስን ዐውደ ርእይ ነው። ሎውረንስ ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1956 የአሜሪካን የትግል ታሪክ በ30 ትናንሽ ሥዕሎች ሠርቷል። ጄኔራሎቹን ብቻ አልሣለም፤ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1773 ነፃነታቸውን ለመጠየቅ ያቀረቡት አቤቱታም አንዱን ሥዕል ይዟል። እያንዳንዱ ሥዕል ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ ገጽ ብዙም ስለማይበልጥ ጠጋ ብለው ካላዩት ምሥጢሩ ያመልጣል። በደኅናው ጊዜ ቢሆን ኖሮ በሰው ትከሻ መካከል ነበር የምናየው፤ አሁን ግን በየሥዕሉ ፊት ብቻችንን እየቆምን፣ ልጆቹ የፈለጉትን ያህል እየጠየቁ አየን። ይህን ጸጥታ ያመጣው የብዙ ሰው ሞት መሆኑን ሳስብ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም።

ከተከታታዩ አምስት ሥዕሎች ጠፍተው ነበር። ዐውደ ርእዩ ከተከፈተ በኋላ አንዲት ጎብኚ ሥዕሎቹን ስትመለከት፣ ጎረቤቶቿ ሳሎን ለብዙ ዓመታት የተሰቀለው ሥዕል የእነዚህ ወንድም ሳይሆን አይቀርም ብላ ጠረጠረች፤ ለጎረቤቶቿም ነግራ ሙዚየሙን እንዲጠይቁ አደረገቻቸው። እውነትም እ.ኤ.አ. በ1960 በበጎ አድራጎት ጨረታ ተሸጦ የነበረው 16ኛው ሥዕል ሆኖ ተገኘ፤ ልክ በዚህ ወር 12ኛው ቀን ከወንድሞቹ ጋር ተሰቀለ። እኛ የደረስነው በሦስተኛው ቀን ነው። ትልቋ የልጅ ልጅዎ ይህን በሰማች ጊዜ ከዚያ ሥዕል ፊት አልነቃነቅም አለች፤ ከዚያም «የቀሩት አራቱስ በማን ቤት ይሆኑ?» እያለች እስከ ቤታችን ድረስ ስትናገር መጣች። አባቴ፣ ለወራት የናፈቀኝን የልጄን ድምፅ ያን ቀን ሰማሁት። ያች ሴት በዚያ ጊዜ ከቤቷ ባትወጣ ኖሮ ሥዕሉ እስካሁን ጎረቤት ቤት ነበር፤ እኔንም ከጸጸት ያሳረፈኝ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ስጋትዎን አልናቅሁትም። ዐውደ ርእዩ እሑድ ጥቅምት 22 ቀን ይዘጋል፤ ልጆቹ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጊዜ እንድገም ብለው ለምነውኛል። በሽታው እንደገና እየበረታ ስለሆነ እንቢ ብያቸዋለሁ። በምትኩ ትልቋ የ16ኛውን ሥዕል ቅጂ በእርሳስ እየሣለች ነው፤ ስትጨርስ ከሚቀጥለው ደብዳቤ ጋር እልክልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ