የድሮ የቮልስ ብሮሸር ስትገዢ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እዚያ ጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስትወጪ የ1950ዎቹ የቮልስ ብሮሸር ካጋጠመሽ አትለፊው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ። ከሁሉ የሚያምረው በርንት ሮይተርስ የሣለው ነው። መኪናዋን ስቦ ያስረዝማታል፣ ዝቅ ያደርጋታል፤ ውስጧ የተቀመጡትን ሰዎች ደግሞ ያሳንሳቸዋል። ቮልሳችን ሳሎን አክላ ቁጭ! ማስመሪያ ይዘሽ ለኪው። በእውነተኛዋ መኪና ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ40 ነው፤ የጎማዋ (5.60-15 የሚባለው ልክ) ቁመት ደግሞ ወደ 65 ሳንቲ ሜትር። በቀጥታ ከጎን ስትታይ ርቀቱ የጎማውን ቁመት 3.7 ጊዜ ያህል መሆን አለበት። ከዚያ በጣም ከበለጠ ሠዓሊው ስቧታል ማለት ነው። ያ ምኞት ነው የብሮሸሩ ውበት፤ አሮጌ ቮልስ ለሚያድስ ሰው ግን የቅርጽ ማስረጃ አይሆንም።

ዘመኑን የኋላ መስታወቷ ይነግርሻል፦ እስከ 1953 መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ እንቁላል ቅርጽ፣ ከዚያ ወዲህ ሰፊ አራት ማዕዘን። ፍሬቻው ግን ያሳስታል። ለአሜሪካ የተሠራችው ከ1955 ጀምሮ መብራት አላት፤ የአውሮፓዋ እስከ 1960 ከበሩ ኋላ ብድግ የሚል ክንድ ነበራት። ስለዚህ ብሮሸሩ ለየትኛው አገር እንደታተመ ሳታዪ አትፍረጂ።

ቅጂ እንዳይሸጡልሽ ማጉያ መነጽር ያዢ። ሥዕሉ በተሰለፉ የቀለም ነጠብጣቦች ቢሠራ ችግር የለውም፤ የድሮ ኅትመት እንዲያ ነው። ጥቁሩ ጽሑፍ ግን ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ቀለሙ ሙሉ መሆን አለበት። ፊደሉም በነጠብጣብ ከተሠራ በስካነር የተነሣ ቅጂ ነው፣ ተይው።

ዋናው ጠላት መሃል ላይ ያለው የስቴፕለር ሽቦ ነው፤ ሲዝግ ወረቀቱን ይበላዋል። ከውጭ ስበሽ እንዳታወጪው፣ ወረቀቱን ይዞት ይመጣል። መሃለኛውን ገጽ ክፈቺ፤ የታጠፉትን ሁለት እግሮች በቀጭን ቢላ ጫፍ ቀስ ብለሽ አቃኚ፤ ከዚያ ገልብጠሽ ከጀርባው አንሺው። በዚያው ቀዳዳ በነጭ የጥጥ ክር ስፊው። የተቀደደ ቢኖር ፕላስተር አትለጥፊበት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ላሚኔትም አታስደርጊው።

የምታስቀምጪበት ላስቲክ ፖሊስተር ይሁን፤ ፒቪሲ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ስትልኪልኝ አትጠቅልዪው፤ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል ዘርግተሽ እሰሪው። ክረምት ከሆነ በላስቲክ አሽጊው፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት አንዴ ርሶ ከደረቀ ገጾቹ ተጣብቀው አይላቀቁም።

አባትሽ