ማገር ወይስ መወጣጫ? የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ጥያቄ ተጠምዶ ነው የከረመው፦ በላብራቶሪ የሰውነት ክፍል ሲያድግ ሴሎቹን የሚይዘውን ደጋፊ (በእንግሊዝኛ scaffold) በአማርኛ ምን እንበለው? ነገሩ የተነሳው ጥቅምት ላይ ነው። በላብራቶሪ ቆዳና አጥንት እንዴት እንደሚያድግ ሳስረዳ፣ "ሴል እንዲሁ ቢበተን ቅርጽ አይወጣውም፤ የሚይዘው ይፈልጋል። እንደ ጭቃ ቤት ማገር በሉት" አልኩ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ማገር እኮ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ይሄኛው ይሟሟል ብለውን የለ?"

እውነቷን ነው። ሴሎቹ የራሳቸውን ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳንና አጥንትን አያይዞ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ እየሠሩ ሲሄዱ ደጋፊው ቀስ በቀስ መጥፋት አለበት። ቶሎ ከሟሟ ሥራው ይፈርሳል፤ ከዘገየ ደግሞ ለአዲሱ አካል ቦታ አይለቅም። አባቷ ግንበኛ ናቸው። "እንግዲያው ደሴ ፎቅ ሲሠራ የሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነዋ!" አለች። ከዚያ ወዲህ ስሙ በክበባችን "መወጣጫ" ሆኖ ቀረ።

ከበዓል ማግስት የዶሮ አጥንት ሰበሰብን። አንዱን አቼቶ ውስጥ ነከርነው፣ ሌላውን ከሰል ላይ አቃጠልነው። የአቼቶው ሳምንት አለፍ ሲለው እንደ ጎማ ተጣጠፈ፤ ማዕድኑ ሟሙቶ ኮላጅኑ ቀርቷል። የተቃጠለው ቅርጹን እንደያዘ በጣት ሲነኩት ፍርፍር አለ፤ ኮላጅኑ ነዶ ማዕድኑ ቀርቷል። ለአጥንት የሚሆን መወጣጫ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኮላጅንን ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባለው የአጥንት ማዕድን ጋር የሚያዋህዱት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ቆስጣ መጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የዉስተር ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች የስፒናች ቅጠልን ሴሎች በሳሙና መሰል ፈሳሽ አጥበው አወጡ። በቀረው አጽም ላይ የሰው የልብ ጡንቻ ሴል ዘሩበት፤ እስከ ሦስት ሳምንት ትር ትር ሲል ቆየ። ቅጠል የመረጡት ጅማቱ እንደ ደም ሥር ስለሚያገለግል ነው። ወፈር ያለ ሥጋ ለማሳደግ ከባዱ ነገር ውስጥ ድረስ ኦክስጅን ማድረስ ነውና።

እኛም በቆስጣ ቅጠል ሞከርነው። የመጀመሪያው ሙከራ ሸተተ። ሰኞ ጠዋት ጎረቤታችን የታሪክ መምህር አፍንጫቸውን ይዘው መጡ። በሁለተኛው በረኪና ጨመርንበት፤ ቅጠሉ ነጥቶ የጅማቱ መረብ ጥርት ብሎ ታየ። ሴሉን አጥበን አወጣን ብዬ ግን አልዋሽም፤ ያስለቀቅነው በዋናነት ቀለሙን ነው። ባለችን አንዲት ማይክሮስኮፕ ስናየው የሴሎቹ ግድግዳ እንዳለ ነው። እሱስ ችግር የለውም፤ የአሜሪካኖቹም መወጣጫ ያው የዕፅዋት ሴል ግድግዳ የተሠራበት ሴሉሎስ ነው። ውስጡ መጽዳቱን የምናረጋግጥበት መሣሪያ ግን የለንም።



በወላጆች ቀን ቅጠሉን ጠርሙስ ውስጥ አድርገን አሳየን። አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩትና፣ "ልጄ፣ ይቺን ጉልበቴንም ትሠሩልኛላችሁ?" አሉ።

ያቺው ልጅ ሳቀች። "ገና ነን አባባ፤ እኛ የደረስነው ቆስጣ ላይ ነው።"