የሥዕላዊ ታሪክ ንባብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በየሳምንቱ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እየተሰበሰበ አዳዲስ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ዕትሞችን ሲያነብና ሲገመግም ከርሟል። ዕትሞቹ የሚደርሱን ከውጭ በሚመጡ የተማሪዎች ዘመዶች እጅ ስለሆነ፣ አንዱን ቅጂ ለአምስትና ለስድስት ተማሪ ማካፈል ግድ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች ታሪኩን ከመድገም ያለፉ አልነበሩም። ማን ማንን እንደመታ በዝርዝር ይተረካል፤ ስለ ሠዓሊው፣ ስለ ቀለሙ ወይም ስለ ፊደሉ አጣጣል ግን አንድም ቃል አይገኝም። ስለዚህ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣውን የመጀመሪያውን የስፓይደርማን ታሪክ መለኪያ አድርገን ያዝን። ስታን ሊ የጻፈውና ስቲቭ ዲትኮ የሣለው ይህ ታሪክ 11 ገጽ ብቻ ነው፤ ሆኖም በእነዚያ ገጾች ውስጥ ልጁ በሸረሪት ተነድፎ ኃይል ያገኛል፣ ዝና ያታልለዋል፣ ሊያስቆመው ሲችል ቸል ብሎ ያሳለፈው ሌባም አጎቱን ይገድልበታል። የዛሬ ወርኃዊ ዕትም ታሪኩን ለሚቀጥለው ወር ቢያሳድርም እንኳ በራሱ አንድ ነገር መፈጸም አለበት የሚለው አቋማችን የመጣው ከዚህ ነው። ረጅም ታሪክ ትዕግሥት ይሻል ብለው የተከራከሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ እኔን ባያሳምኑኝም ከገጾቹ ማስረጃ ስላቀረቡ ግምገማቸው በሚኒ ሚዲያ እንዳለ ተነቧል።

ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረን በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመው «ጀምበር» የተሰኘው የልዕለ ጀግና ኮሚክ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት በመሆኑ፣ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያሏቸው ተማሪዎች ስለ እርሱ የጻፉት ከሌላው ሁሉ የጠለቀ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። ከዚህ ተነሥተን በእንግሊዝኛ ዕትሞች ላይ ያሉትን የድምፅ ቃላት በአማርኛ ለመተካት ሞከርን፦ ለጥፊው ጧ፣ ለፍንዳታው ዷ፣ ለሚወድቀው ቆርቆሮ ጓ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ እኔ ያላስተዋልሁትን ነገር አስተዋለች። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሁለት የንግግር አረፋ (የባለታሪኩ ንግግር በሚጻፍበት ክብ) የከፈለ ጸሐፊ አንባቢውን እስከ ሁለተኛው አረፋ ድረስ አንጠልጥሎ ያቆየዋል፤ በእንግሊዝኛው ግን ድርጊቱ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው አረፋ ላይ ይነገራል። ይህ ግምገማዋ ከሌሎቹ ጋር ተጠርዞ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል።